አባባ ሜዳሊያውን ለምን ከመንጠቆ ጋር አስቀመጠው?

ጥያቄ፦ እንደምን ሰነበታችሁ። አባቴ ካረፈ አሥር ወር ሆነው። የቃኘው ሻለቃ ዘማች ነበር፣ ኮሪያ ሄዶ የመጣ። እኛ ልጆቹ የምናውቀው ግን ዓሣ አጥማጁን ነው። እሑድ እሑድ ዝዋይ ይወስደናል፣ አንዳንዴም አዋሽ ዳር። ስለ ቆሮሶና ስለ አምባዛ ካነሳችሁበት አይጠግብም። ስለ ጦርነቱ ሲጠየቅ ግን «ብርዱ ልጄ፣ ብርዱ» ይልና በቃ፣ አለቀ።

በቀደም መንጠቆና ሲባጎ የሚያስቀምጥበትን የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ከፈትኩት። ከሥሩ በጨርቅ የተጠቀለለ ሜዳሊያ አገኘሁ። ጥብጣቡ ሰማያዊና ነጭ መስመር አለው። ክው አልኩ። ይህን ያህል ንቆት ነበር እንዴ? እህቴ «ተወልውሎ በፍሬም ሳሎን ይሰቀል» ትላለች። ታላቅ ወንድሜ ደግሞ ለሙት ዓመቱ በምናሳትመው የሕይወት ታሪክ ላይ «ብቻውን ምሽግ ሰብሯል» ተብሎ ይጻፍ ባይ ነው፣ ከማን እንደሰማው እንጃ። እኔ የማስታውሰው ከሐይቁ ስንመለስ፣ መኪና ውስጥ ገብተን እንኳ፣ ሁለቴ ሲቆጥረን ነው። ምን ብዬ ልጻፍ?

መልስ፦ እግዚአብሔር ያጽናሽ እህቴ። ከቆርቆሮው ልጀምር፣ ምክንያቱም ደብዳቤሽን ሳነብ ልቤ የቀረው እዚያ ላይ ነው።

ንቆት አይመስለኝም። ዘመኑን አስቢው። የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ ከአዲስ አበባ የተነሳው በሚያዝያ 1943 ነው። ከዚያ ሁለተኛው፣ ከዚያ ሦስተኛው ተተካ፤ ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ተሰልፈው ሐምሌ 20 ቀን 1945 ተኩስ አቁም እስኪፈረም ድረስ ተዋጉ። ከ120 በላይ ሰው ሞቶባቸዋል። ሲመለሱ ክብር ነበራቸው። ኋላ ደርግ መጣ፣ እነሱ ከተዋጓት ከሰሜን ኮሪያ ጋር ወዳጅ ሆነ፣ ያኔ ኮሪያ ዘምቻለሁ ማለት የሚኮራበት ሳይሆን የሚደበቅ ነገር ሆነ። በ1969 አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ለቤት ፍተሻ ሲካሄድ ስንቱ ፎቶና ወረቀቱን እንዳቃጠለ የዚያ ዘመን ሰው ያውቀዋል። እስቲ ንገሪኝ፣ የትኛው ፈታሽ ነው እጁን መንጠቆ የሞላው ቆርቆሮ ውስጥ የሚከት?

ደግሞ ልብ በይ፣ ያንን ቆርቆሮ በየሳምንቱ ይከፍተው ነበር። ሳሎን የተሰቀለ ነገር ዓመት ሙሉ ዞር ብሎ የማያየው ሰው ሞልቷል። አባትሽ ሜዳሊያው ያለበትን ዕቃ እሑድ እሑድ ጭኑ ላይ ያስቀምጥ ነበር።

ስለዚህ ለእህትሽ፦ ፍሬሙ ይሁን፣ መወልወሉ ግን ይቅር። ነሐስ ሲያረጅ ይጠቁራል፣ ያ ቀለም ዕድሜው ነው። በማጽጃ ከፈተጋችሁት ጽሑፉም አብሮ ይሳሳል። በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ አቧራውን ማንሳት ይበቃል። ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ ላይ አትስቀሉት፣ ጥብጣቡ ይነጣል። ከዛገው መንጠቆ ጋር ግን ከአሁን በኋላ አብሮ አይደር።

ለወንድምሽ፦ አባትህ ያላለውን አትጻፍለት። ይቅርታ፣ እዚህ ላይ መለሳለስ አልችልም። ሰባ ዓመት ዝም ያለን ሰው በሞተ በዓመቱ ፎካሪ ማድረግ ምን ይሉታል? የዘመተበትን ማወቅ ከፈለጋችሁ የሚጠየቅ ሰው ገና አለ፣ ጥቂት ነው፣ ሁሉም ዘጠናን ያለፈ ነው፣ ስለዚህ ዛሬ ነገ አትበሉ። የኮሪያ ዘማቾች ማኅበር አለ። አፍንጮ በር ካለው የመታሰቢያ ሐውልት ዘንድ ሄዳችሁ ጠይቁ። በስንተኛው ሻለቃ፣ በየትኛው ሻምበል እንደነበር ካወቃችሁ አብሮት የነበረ ሰው ማግኘት ይቀላል። ፎቶ ያዙ፣ የወጣትነቱን። ጀርባው ላይ ስም ስትጽፉ ደግሞ በለስላሳ እርሳስ፣ ጫፉ ላይ፣ ሳትጫኑ። የእስክሪብቶ ቀለም ወደ ፊት ለፊቱ ዘልቆ ፊት ያበላሻል፤ እኔ የእናቴን የሠርግ ፎቶ እንደዚያ አድርጌ እስከዛሬ ይቆጨኛል።

አሁን ወደ ቆጠራው። ስለ ቃኘው ሻለቃ ማንም የሚያነሳው አንድ ነገር አለ፦ በዚያ ሁሉ ውጊያ፣ በዚያ ሁሉ የሌሊት ቅኝት፣ አንድም ወታደር አልተማረከባቸውም። የወደቀውን ተሸክመው ነበር የሚመለሱት። ሌሊት ከቅኝት ሲገቡ ስንት እንደወጡና ስንት እንደተመለሱ የሚቆጥር ሰው ይኖራል መቼም። እና አባትሽ በሰላሙ አገር፣ ዓሣ ይዛችሁ ስትመለሱ፣ አራት ልጅ ይሁን አምስት፣ አንዴ ቆጥሮ አላመነም። ሁለቴ።

ይሄንን ጻፊ። «ስንት ሆናችሁ?» ሲል የነበረውን ድምፅ፣ ማን ከኋላ እንደሚቀር፣ ማን ተኝቶ በሸክም እንደሚገባ። የዘመተበትን ዓመትና የሻለቃውን ቁጥር ከላይ በአንድ መስመር አስቀምጪና ቀሪውን ገጽ ለሐይቁ ስጪው። የሽፋኑም ፎቶ የወታደር ልብሱ ብቻ አይሁን፣ ባርኔጣውን ደፍቶ ውኃ ዳር የተነሳው አንድ አይጠፋም።

ከመንጠቆዎቹም አንዷን ፍሬሙ ውስጥ ከሜዳሊያው ሥር አስገቡ። ዝገቷን አራግፉላት፣ ጫፏን በቡሽ ሸፍኑት፣ የልጅ ልጆቹ እጅ እንዳይወጋ።