ቬኒስ ከሄዳችሁ መጀመሪያ እጅ እዩ

ልጆቼ፣ ከእናንተ መካከል ለሥልጠናም ሆነ ለኤግዚቢሽን ጣሊያን የሚሄድ አይጠፋም። ቬኒስ ከደረሳችሁ አንድ ሙሉ ቀን ለሁለት ትንንሽ ደሴቶች ስጡልኝ። የቅዱስ ማርቆስ አደባባይ የትም አይሄድም። ዕድሜዬን በቀለምና በጨርቅ መካከል ስለጨረስኩ ምክሬ ወደዚያው ያደላል፤ ከዕቃው በፊት የሠሪውን እጅ እዩ።

ጠዋት ወደ መጀመሪያዋ ደሴት፣ ወደ ሙራኖ ግቡ። ፎንዳሜንቴ ኖቬ ከሚባለው የቬኒስ ጀልባ መሳፈሪያ በቫፖሬቶ፣ ማለትም በሕዝብ ጀልባ፣ አሥር ደቂቃ ያህል ነው። እ.ኤ.አ. በ1291 የቬኒስ መንግሥት የመስታወት ምድጃዎችን ወደዚህ አዛወረ። ያኔ ብዙው ቤት እንጨት ስለነበር እሳት ይፈራ ነበር። የሙያውን ምስጢር አንድ ቦታ ሰብስቦ ለመጠበቅም ሳይመች አልቀረም።

ምድጃው አጠገብ ቁሙና መስታወት ሠሪውን ሰውዬ ተመልከቱ። በግራ እጁ ረጅሙን የብረት ቱቦ ሳያቋርጥ ያሽከረክራል። በቀኙ ጉጠት ይዟል። ጫፉ ላይ ያለው መስታወት እንደ ማር ይለጠጣል፤ ማሽከርከሩን ለአፍታ ቢተው ወደ አንድ ጎን ይዘነብላል። ረዳቱ ማንም ሳይጠራው በሰዓቱ መጥቶ ቱቦውን ይነፋል።

አሁን ቀለሙን ልብ በሉ። ሰማያዊው ከኮባልት፣ ወይን ጠጁ ከማንጋኒዝ ይመጣል። አንዳንዱ ቀይ ውስጥማ ወርቅ ይገባል። ከምድጃ ሲወጣ ግን ሁሉም ብርቱካናማ ፍም ነው። እውነተኛው ቀለም የሚታየው ሲበርድ ነው። ሰውየው የሚሠራው ገና ያላየውን ቀለም ነው ማለት ነው! እኛ ስክሪን ላይ ጠቅ እያደረግን ቀለም የምንቀያይር ሰዎች እዚህ ጋ ትንሽ ብናፍር አይከፋም። ያለቀውም ዕቃ ወዲያው ውጭ አይቀመጥም፤ ይሰነጠቃል። ቀስ እያለ እንዲበርድ ሌላ ምድጃ ውስጥ ይከርማል።

ከሰዓት በ12 ቁጥር ጀልባ ወደ ሁለተኛዋ ደሴት፣ ወደ ቡራኖ ተሻገሩ። ቤቶቹ ቀይ፣ ቢጫ፣ ሐምራዊ ናቸው። ዓሣ አጥማጆች በጉም ውስጥ ቤታቸውን እንዲለዩ ነው ይባላል። ቱሪስት የሚወደው ወሬ ነው፤ አልከራከርም። እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው፦ ባለቤቱ ደስ ያለውን ቀለም ዝም ብሎ አይቀባም፣ ፈቃድ ይጠይቃል።

የቡራኖ ሙያ ዳንቴል ነው። የእናቶቻችን ዳንቴል በኪሮሽ ነው፤ የቡራኖው በመርፌ ነው። ንድፉ ወረቀት ላይ ይሳላል። ክሩ በላዩ ይሠራል። መጨረሻ ላይ ማያያዣው ክር ተቆርጦ ዳንቴሉ ከወረቀቱ ይላቀቃል። ሥራው በደረጃ ስለሚከፋፈል አንዷ የጀመረችውን ሌላዋ ትቀጥላለች። እ.ኤ.አ. በ1872 የተከፈተው የዳንቴል ትምህርት ቤት ዛሬ ሙዚየም ሆኗል፤ ሳትገቡ እንዳትመለሱ።

ግዢ ላይ አትሸወዱ። በርካሽ የሚሸጠው ዳንቴል አብዛኛው የማሽን ሥራ ነው። መስታወትም ከሌላ አገር መጥቶ የሙራኖ ነው ተብሎ ይሸጣል። ኪሳችሁ ካልፈቀደ አንዲት ዶቃ ትበቃለች። መስታወት ሠሪውን ሥራ ላይ እያለ አታናግሩት። ሲጨርስ ግን ጠይቁት። ጣሊያንኛ ባትችሉም ሰማያዊውን እየጠቆማችሁ «ኮባልቶ?» ብትሉት ይገባዋል።