መልስ፦ ፊቱ የጎበጠ አኳሪየም ስንት ሊትር ይይዛል?
ሰላም የኮምቦልቻው ወንድሜ። ለዓሣዎችህ መድኃኒት ለመመጠን፣ ፊቱ ወደ ውጭ የጎበጠው አኳሪየምህ ስንት ሊትር እንደሚይዝ ጠይቀሃል።

ሁሉንም ከውስጥ በኩል በሴንቲሜትር ለካ። ርዝመቱ 90፣ የጎኑ ስፋት 35፣ የመሃሉ 47፣ የውሃው ከፍታ 40 ነው እንበል። ቀጥ ያለው ክፍል 90 × 35 = 3150። ጉብታው 47 − 35 = 12 ነው፤ 90 × 12 × 2 ÷ 3 = 720። ድምሩን በ40 አባዝተህ ለ1000 አካፍል። 155 ሊትር ገደማ ይመጣል።

ግን ጠጠርና ድንጋይ ካለበት ውሃው ከዚህ ያንሳል። ለመድኃኒት እኔ የማምነው አኳሪየሙን ስትሞላ ስንት ጀሪካን ውሃ እንደገባ መቁጠሩን ነው። መቼም እኛ ወሎ ጀሪካን የሌለው ቤት የለም! ባለ 20ው እስከ አፉ ከሞላ ግን ከ20 ሊትር ያልፋል። ሚዛን ላይ አስቀምጠህ 20 ኪሎ ውሃ ሲገባ መስመር አስምርበት፤ 1 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ነው።