ቀለል ያለ ሲስተም ከመፈለግሽ በፊት ቻርጀሩን አሳዪኝ

ደብረ ብርሃን ጽሕፈትና ኮፒ ቤት ያለሽ እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ላፕቶፕሽ ዴል ላቲትዩድ ኢ6400፣ ኮር 2 ዱዎ 2.26፣ ራም 2 ጊጋ። የሆነ ልጅ ዊንዶውስ 10 ጭኖልሽ ወርድ እስኪከፍት ቡና አፍልቼ እጠጣለሁ አልሽ፣ ሉቡንቱን (በዊንዶውስ ቦታ የሚጫነው የነጻው ሲስተም የሊኑክስ ቀላል ዓይነት) ከፍላሽ ስትሞክሪም ያው ተጎተተ፣ ስለዚህ ከሱ የቀለለ የቱ ነው ነው ጥያቄሽ። መጨረሻ ላይ ግን እንደ ተራ ነገር "ሲነሳ ስለ ቻርጀር የሆነ ነገር በእንግሊዝኛ ይጽፋል፣ ኤፍ1 ተጭኜ አልፈዋለሁ፣ ባትሪውም አይሞላም" ብለሽ ጣል ያደረግሻት አለች፣ እኔ የያዝኩት እሷን ነው።

ሉቡንቱ ከፍላሽ ሲነሳ የዛን ልጅ ዊንዶውስ ጭራሽ አይነካውም። ለመነሳት ይቆይ፣ ፍላሽ ነው፣ ከተነሳ በኋላ ግን ማውሱ ራሱ እየተንቀረፈፈ ከሄደ ችግሩ ከሁለቱም ሲስተም ስር፣ ዕቃው ላይ ነው ያለው። ግምቴ ቻርጀሩ ኮፒ (አስመስለው የሠሩት) ነው፣ ወይ ጫፉ መሃል ላይ ያለችው ቀጭን ፒን ተጣማለች።

ይቺን ነገር ትንሽ ላብራራት፣ ምክንያቱም በሷ ሰበብ "አርጅቷል" ተብሎ ሳጥን ውስጥ የገባ ስንት ደህና ላፕቶፕ አይቻለሁ። የዴል ቻርጀር ጫፉ ላይ 19.5 ቮልቱ በቀለበቶቹ ነው የሚገባው፣ መሃል ያለችው መርፌ የምታክል ፒን ግን ኃይል አታስገባም፣ ወሬ ነው የምታቀብለው። ቻርጀሩ ውስጥ ትንሽዬ ቺፕ አለች፣ "የዴል ነኝ፣ 65 ዋት ነኝ" ወይ "90 ነኝ" ብላ ትናገራለች። መስሪያ ቤት በር ላይ ያለ ጥበቃ መታወቂያ ሲጠይቅ አስቢው፣ ሰውየው ሥራ አስኪያጁ ቢሆን እንኳን ጥበቃው ካላወቀውና መታወቂያ ካልያዘ እዛው በር ላይ ያቆመዋል እንጂ ፎቅ አያወጣውም። ላፕቶፑም ቻርጀሩ ስንት ዋት እንደሚችል ካላወቀ ባትሪ መሙላቱን ይተዋል፣ ፕሮሰሰሩንም ቁልቁል አውርዶ 800 ሜጋኸርዝ አካባቢ ያስቀምጠዋል፣ ከዛ በኋላ በዓለም ላይ ያለውን ቀላል ሲስተም ብትጭኚበት መጎተቱ አይቀርም። ኮፒ የሚሰሩት ቺፗን ዘለው ስቲከሩ ላይ 90 ዋት ብለው ይለጥፋሉ፣ ቮልቱ ልክ ስለሆነ መብራቱ ይበራል፣ ሻጩም "ይኸው ይሰራል" ይልሻል። አቤት ስንቱን ያናደደኝ ነገር ነው ይሄ።

ለማረጋገጥ ታስክ ማናጀር ከፍተሽ ፐርፎርማንስ ውስጥ ሲፒዩ የሚለውን እዪ። ፍጥነቱ 0.8 ጊጋኸርዝ (ያው 800 ሜጋኸርዝ) አካባቢ ቆሞ ወርድ ስትከፍቺም ካልጨመረ አበቃ፣ ፕሮሰሰሩ ቁልቁል ወርዷል ማለት ነው። ኦሪጂናል የዴል ቻርጀር ከሰው ለአስር ደቂቃ ተዋሺና በሱ አስነሺው፣ ጽሑፉ ከጠፋ መድኃኒቱ እሱ ነው፣ ካልጠፋ የላፕቶፑ መሰኪያ ሶኬት ነው የሚታየው። ፒኗን በሽቦ አገናኝልሻለሁ የሚል ጎበዝ ከመጣ አባሪው፣ 19.5 ቮልቱ እሷን ከነካ ቦርዱን ሊያቃጥለው ይችላል።

ቻርጀሩ ከተስተካከለ በኋላም 2 ጊጋ ራም ላይ 64 ቢት ዊንዶውስ 10 ከነአክቲቬተሩ (ሳይገዙ የተገዛ የሚያስመስለው ፕሮግራም) መጫን ግፍ ነው፣ የነጻ ድጋፉም ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል። ራሙን 4 አድርጊው፣ ሁለት ባለ 2 ጊጋ ዲዲአር2 ነው የምትገዢው፣ ዲዲአር3 መቁረጫው ቦታው ስለሚለይ አይገባም፣ በጉልበት አትሞክሪ። ከታች ያለውን ሽፋን ከመፍታትሽ በፊት ቻርጀሩ ይነቀል፣ ባትሪው ይውጣ። አንዴ ችኩዬ ባትሪው እንዳለ ራም ነቅዬ የደንበኛ ቦርድ ገድዬ ከኪሴ ከፍያለሁ። ኤስኤስዲ (ከድሮው ሃርድ ዲስክ የሚፈጥነውን ዲስክ) ካሰብሽ 120 ጊጋ ይበቃሻል፣ በርካሽ 1 ቴራ ነው የሚሉሽን ግን ሲከፍቱት ውስጡ ሜሞሪ ካርድ የተለጠፈበት አይቻለሁ። ስትቀይሪውም እንደዛው፣ ቻርጀር ይነቀል፣ ባትሪ ይውጣ!

ወደ ሲስተሙ ስንመጣ 4 ጊጋ ካደረስሽው ሊኑክስ ሚንት ጫኚ፣ ኤክስኤፍሲኢ የሚባለውን ቀለል ያለውን ዓይነት። 2 ላይ ከቀረሽ ያው የሞከርሽው ሉቡንቱ ይሁን፣ ክሮም ላይ ግን ሁለት ሦስት ገጽ ብቻ ክፈቺ፣ ራሙን የሚበላው ሲስተሙ ሳይሆን እሱ ነው። ፓፒ (በጣም ትንሽዬ የሊኑክስ ዓይነት) ምናምን የሚሉሽን ተያቸው፣ እሱ ከሞተ ዲስክ ፋይል ለማውጣት እንጂ ለሱቅ አይሆንም። የዋይፋዩ ካርድ ብሮድኮም የሚባለው ኩባንያ ከሆነ መጀመሪያ ላይ እምቢ ሊል ይችላል፣ ስልክሽን በገመድ ሰክተሽ ዩኤስቢ ቴዘሪንግ (የስልኩን ኢንተርኔት ለላፕቶፑ የሚያካፍለውን) አብሪና የዋይፋዩን ድራይቨር አውርጂ።

ጽሕፈት ቤት ስለሆንሽ ግን ሁለት ነገር ንገሪኝ። ፒችትሪ (የሂሳብ ፕሮግራሙን) የሚያሠራሽ ደንበኛ አለ? ካለ ሊኑክስን እርሺው። አማርኛውን በፓወር ግዕዝ ፕሮግራም ነው የምትተይቢው? ሊኑክስ ላይ አይጫንም፣ አማርኛው አይባስ በሚባለው የሊኑክስ መጻፊያ ይጻፋል፣ ጣትሽ እስኪለምድ ሳምንት ትበሳጫለሽ፣ ደንበኛ ዩኒኮድ (የአሁኑ የጋራ የፊደል ኮድ) ባልሆነ የድሮ ፎንት የጻፈውን በፍላሽ ሲያመጣም ፎንቱ ከሌለሽ ትርኪምርኪ ነው የሚታይሽ። ፕሪንተርሽ ኤችፒ ሌዘርጄት 1020 ከሆነ ተጨማሪ ፕለጊን ካላወረድሽ አያትምም፣ ሌላ ከሆነ ሞዴሉን ጻፊልኝ፣ ታስክ ማናጀሩ ላይ ያየሽውን ቁጥርም አብረሽ ላኪ።