«ምን ወስዶ ነው?» ለሚባልባችሁ የመድረክ ልጆች

ልጆቼ፣ ደብረ ማርቆስም ሆናችሁ ባሕር ዳር ወይም ፍኖተ ሰላም፣ ኮሜዲ የምትሠሩ ሁሉ አንዴ ስሙኝ። መድረክ ላይ እየዘለላችሁ፣ ድምፅ እየቀያየራችሁ አዳራሹን በሳቅ ካፈረሳችሁት፣ በሩ ላይ የሚጠብቃችሁ ወሬ የታወቀ ነው። «ይሄ ልጅ በጤናው አይደለም፣ ምን ወስዶ ነው?» ቲያትር ሳዘጋጅ በኖርኩበት ዘመን ሁሉ ፈጣን ኮሜዲያን ከዚህ ሐሜት ሲያመልጥ አላየሁም።

ጎጃም ደግሞ ለዚህ ወሬ እንግዳ አይደለም። የቅኔ ተማሪው ቶሎ ከገባው «አብሾ ጠጥቶ ነው» ይባል የለ፣ አእምሮ ይከፍታል የሚሉትን ቅጠል? ዋሸራ ወይም ዲማ ቅኔ ቤት የገባ ልጅ ውሻ እያባረረው በአኮፋዳው ቁራሽ ለምኖ፣ ሌሊት ሰው ሲተኛ እሱ ቅኔ ሲቆጥር አድሮ፣ ጠዋት መምህሩ ፊት ሲዘርፍ ሰው የሚያወራው ስለ ቅጠሉ ነው። ሌሊቱን ማንም አላየውማ!

የአሜሪካዊውን የሮቢን ዊሊያምስን ነገር ልንገራችሁ። በፈረንጆች 1978 በአንድ የቴሌቪዥን ኮሜዲ ታወቀ። አንድ ዓረፍተ ነገር ሳይጨርስ ሦስት ሰው ሆኖ ይመለሳል። ኮኬይን ነው ተባለ። ወሬው ውሸት አልነበረም፤ በዚያን ጊዜ ይወስድ ነበር፣ ራሱም አልካደም። እኔን የሚገርመኝ ኋላ የተናገረው ነው፤ ሌላውን ሰው የሚያቅበጠብጠው ኮኬይን እሱን ያቀዘቅዘው ነበር፣ መደበቂያው ነበር። ታዲያ ያ ፍጥነት ከየት መጣ? ጁሊያርድ በሚባለው የኒው ዮርክ ትምህርት ቤት ትወና ተምሯል፣ ከክለብ ክለብ እየዞረ ሲያስቅ አምሽቷል። ኮኬይኑን ከተወ በኋላም ፍጥነቱ አልተወውም። በ2014 ሲሞት ደግሞ «ያው ሱሱ ነው» ያለ ሰው አልጠፋም። ምርመራው ግን ሕገ ወጥ ዕፅም አልኮልም አላገኘበትም። አንጎሉን ሌዊ ቦዲ የሚባል በሽታ ይዞት ነበር።

ዕፁ ቀልድ ነው ማለቴ አይደለም። አሜሪካዊው ኮሜዲያን ጆን ቤሉሺን በ1982 ኮኬይንና ሄሮይን ተደራርበው ገደሉት፤ በዚያው ሌሊት ዊሊያምስ ሄዶ አይቶት ነበር። ቤሉሺን እንደ አርአያው የሚያየው ኮሜዲያን ክሪስ ፋርሊም በ1997 በኮኬይንና በሞርፊን ሄደ። ሁለቱም ገና 33 ዓመታቸው ነበር።

የእኛ ሰፈር ፈተና ጫት ነው። ውስጡ ያለው ካቲኖን የሚባል ንጥረ ነገር አምፌታሚን የሚሉት አነቃቂ ዕፅ ዘመድ ነው፤ ቅጠሉ ሲደርቅ ስለሚዳከም ነው ጫት በትኩሱ ተጠቅልሎ የሚሮጥበት። ልብ ያስሮጣል፣ አፍ ያደርቃል፣ እንቅልፍ ይነሳል። የመረቀነ ተዋናይ ብዙ ያወራል፣ የሚያስቅም ይመስለዋል፣ ግን ተመልካቹን አይሰማም። ኮሜዲ ደግሞ ግማሹ መስማት ነው። ሳቁ ሲወጣ ዝም ትላለህ፣ ሊወርድ ሲል ቀጣዩን ቃል ትጥላለህ። ከቀደምክ ሳቁን ትገድለዋለህ፣ ከዘገየህ አዳራሹ ይቀዘቅዝብሃል።

አብሮኝ የሠራ አንድ ተዋናይ ነበር። መድረክ ላይ እንደ እሱ የሚቅበጠበጥ አላየሁም። ከመጋረጃው ጀርባ ብታዩት ግን ሌላ ሰው ነው። ጥጉን ይዞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እጁን ሆዱ ላይ አድርጎ ቀስ እያለ ይተነፍሳል፤ በዚያ ሰዓት ያናገረው ሰው ወዮለት። የቲያትሩን ጽሑፍ ከእጁ ወስዳችሁ ብታዩት ዳር ዳሩ በእርሳስ ተሞልቷል። የት እንደሚተነፍስ፣ የት እንደሚቀመጥ፣ የትኛው ዝላይ ላይ ጉልበቱን እንደሚቆጥብ ሁሉም ተጽፏል። ሰው «አበደ» የሚልበት ያ ከወንበር መውደቅ እንኳ ቀኝ ትከሻው የት እንደሚያርፍ የታወቀ ነው። ትርኢት ባለበት ቀን ከባድ ምግብ አይነካም፤ ትንሽ ዳቦ ቀምሶ ውኃ ይጠጣል፣ አለቀ። ከተማው ግን «ቃሚ ነው» ሲል ከረመ። ወሬው እናቱ ጆሮ ሳይቀር ደርሶ ነበር፣ ምስኪን ሴትዮ።

እናንተም ያላያችሁትን በጓደኛችሁ ላይ አታውሩ። እውነት ሱስ ይዞት ካያችሁት ሻይ ቤት ቁጭ ብላችሁ ከምታሙት ለብቻው ጠርታችሁ አናግሩት። ሐኪም ጋ አብራችሁት ሂዱ፤ ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል። «ሰው ምን ይለኛል» ብሎ ካፈረ ደጁ ድረስ ሸኙት።

ስለ ራሳችሁ ለሚወራው ግን እየዞራችሁ አትማሉ። ወሬኛውን ልምምድ ላይ ጋብዙት፣ አንዷን ትዕይንት ስትደጋግሟት ቁጭ ብሎ ይይ። እኔ የጋበዝኳቸው አብዛኞቹ ግማሹ ላይ ሰልችቷቸው ቡና ሊጠጡ ወጡ።