መልስ፦ አለቃዬ «የለም በላቸው» ይለኛል፣ ምን ላድርግ?

ሰላም ወንድሜ። ደንበኛ ሲደውል አለቃህ አጠገብህ ቁጭ ብሎ «የለም በላቸው» ይልሃል፤ እምቢ ብል ሥራዬን፣ እሺ ብል ሰላሜን አጣለሁ ነው ያልከው። እኔም አልፌበታለሁ።

መጀመሪያ አበላሸሁት። ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት «እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ አልዋሽም!» ብዬ ፎከርኩ። እውነቱን ለመናገር የተናገረው እምነቴ ሳይሆን ኩራቴ ነበር። አለቃዬም ለሳምንታት ዘጋኝ።

እስቲ ዳንኤል ምዕራፍ 1ን ደግመህ አንብበው። በባቢሎን ምርኮኛ የነበረው ዳንኤል እንዳይረክስ የንጉሡን ምግብ ላለመብላት ልቡ ቆርጧል፣ ግን ማዕዱን አልገለበጠም። በላዩ የተሾመው የንጉሡ ሹም ንጉሡን ፈርቶ ሲያመነታ ፍርሃቱን አልናቀበትም፤ ወደ ተቆጣጣሪው ሄዶ ለ10 ቀን ብቻ አትክልትና ውሃ ስጠንና ከዚያ ፊታችንን አይተህ እንዳየኸው አድርግ ብሎ ለመነው። እኔን የሚገርመኝ ለሰውየውም መውጫ ማበጀቱ ነው።

አንተም ብቻውን ስታገኘው ረጋ ብለህ አናግረው። «የለም ከምል ‹አሁን አይመቻቸውም፣ መልእክት ልቀበል› ብል ምን ይመስልዎታል?» በለው። ውሸት የለበትም፣ እሱም የፈለገውን አገኘ። ለእኔ ሠርቷል (አለቃ ሁሉ አንድ ባይሆንም)። ደግሞ በሰዓት ግባ፤ አርፍዶ እየገባ ስለ እውነት የሚያወራን ማን ይሰማል?

የሰው ፊርማ አስመስለህ ፈርም፣ ሂሳብ በሐሰት አስተካክል ካለህ ግን ሌላ ነገር ነው። እዚያ ላይ ድርድር የለም፣ ቀስ ብለህ ሌላ ሥራ መፈለግ ጀምር።

ካናገርከው በኋላ ምን እንዳለህ ጻፍልን።