ዳኛው በደለኝ፣ ስለዚህ ዳኛ ልሁን?

ሰላም ወንድሜ፣

እስራኤል ካለችው ከነታንያ የላክልኝን ደብዳቤ ደጋግሜ አነበብኩት። ከልጅነትህ ጀምሮ ጁዶ ትሠራለህ፣ ጥቁር ቀበቶ አለህ፣ ውትድርናህን ጨርሰህ የወጣኸው በቅርቡ ነው። በመጨረሻው ውድድርህ ጎልደን ስኮር (በእኩል ሲያልቅ የሚጨመረው ሰዓት) ውስጥ ሦስተኛ ሺዶ፣ ማለትም ሽንፈት የሚያስከትለው ሦስተኛ የቅጣት ማስጠንቀቂያ ተሰጠህና ተሸነፍክ። ቪዲዮውን ስታየው ግን ሲሸሽ የነበረው ተጋጣሚህ ነው ትላለህ። አሁን ውድድሩን ትተህ «እንደኔ የሚበደል እንዳይኖር» ዳኛ ልሁን ብለሃል፤ እናትህ ደግሞ መጀመሪያ ተማር ይሉሃል።

ዳኛ መሆን ትችላለህ። ምክንያትህ ግን አላማረኝም። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባል የለ? ቂም ይዞ ዳኝነትም እንደዚያው ነው። የተበደለ ሰው የሚፈልገው ያቺ የራሱ ውሳኔ እንድትስተካከልለት ነው፤ ዳኛ ሲሆን ግን ፊቱ የሚቆሙት ስለሱ ምንም የማያውቁ ሁለት ልጆች ናቸው።

በፈረንጆቹ 2000 የሲድኒ ኦሎምፒክ፣ ከ100 ኪሎ በላይ የወንዶች ፍጻሜን ፈልገህ እየው። ፈረንሳዊው ዳቪድ ዱዬ በኡቺማታ (እግርን በተጋጣሚ ጭኖች መሃል አስገብቶ በሚደረግ ውርወራ) ሊጥል ገባ። ጃፓናዊው ሺኒቺ ሺኖሃራ እግሩን አሸሸና የዱዬን ጉልበት በራሱ በዱዬ ላይ አዞረው። ተያይዘው ወደቁ። ከማዕዘን ዳኞቹ አንዱ ለሺኖሃራ ኢፖን፣ ግጥሚያውን ወዲያው የሚጨርሰውን ሙሉ ነጥብ አሳየ፤ የመሃል ዳኛውና ሌላኛው ግን ነጥቡን ለዱዬ ሰጡ፣ ያውም ዩኮ፣ ከኢፖን የሚያንሰውን ነጥብ። ያሱሂሮ ያማሺታ የጃፓን አሰልጣኝ ነበርና አጥብቆ ተከራከረ፤ ዳኞቹ ከምንጣፉ ከወረዱ በኋላ ውጤት አይቀየርም ተባለና ወርቁ ለዱዬ ሆነ። ሺኖሃራ ራሱ ዳኞቹን አልወቀሰም፣ የተሸነፍኩት ደካማ ስለሆንኩ ነው አለ። እኔ ሳየው ኢፖኑ የሺኖሃራ ነው። ግን ልብ በል፣ ሦስት የሠለጠኑ ሰዎች ያንኑ አንድ ውርወራ ከሦስት ቦታ አይተው አልተስማሙም። አንተም አንድ ቀን ከተሳሳቱት ከሁለቱ አንዱ ትሆናለህ። ያን ቀን ሌሊቱን እንዴት እንደምታድር አስበኸዋል?

ከ12 ዓመት በኋላ ለንደን ላይ፣ ያው ሺኖሃራ የጃፓን ወንዶች ዋና አሰልጣኝ ሆኖ ሳለ፣ ማሳሺ ኤቢኑማ ከኮሪያው ቾ ጁን ሆ ጋር በ66 ኪሎ ሩብ ፍጻሜ ተገናኘ። ነጥብ ሳይለያያቸው ሰዓቱ አለቀ፤ ያኔ አሸናፊውን ዳኞቹ በባንዲራ ይመርጡ ነበርና ሦስቱም ለቾ ሰማያዊ ባንዲራ አነሡ። አዳራሹ ጮኸ፣ የበላይ ዳኞቹ ጠሯቸው፣ ተመልሰው ሦስቱም ለኤቢኑማ ነጭ አነሡ። ምናልባት ማሸነፍ የሚገባው ኤቢኑማ ይሆናል፤ ሁለቱም በኋላ ነሐስ አግኝተዋል። ቢሆንም ለኔ ይሄ ከሲድኒው ይከፋል። ዓይን ይሳሳታል፣ ይሄ የሰው ነው። ሦስት ሰው ባንድ ጊዜ የገዛ ዓይኑን ሲክድ ግን ተጫዋቹ ማንን ይመን? በ2013 የባንዲራው ፍርድ ቀረ፣ ጎልደን ስኮርም የጊዜ ገደቡ ተነሣለት፣ ምንጣፉ ላይ አንድ ዳኛ ብቻ ቀርቶ ሌሎቹ ጠረጴዛ ላይ ቪዲዮ ይዘው ተቀመጡ።

ታዲያ ቪዲዮ ክርክሩን አቆመው? አላቆመም። ፓሪስ 2024 ላይ ስፔናዊው ፍራንሲስኮ ጋሪጎስ ጃፓናዊውን ሪዩጁ ናጋያማን አንገቱን ይዞ እያነቀው ዳኛዋ «ማቴ» (አቁሙ) አለች፤ ማነቁ ግን ለጥቂት ሰከንዶች ቀጠለና ናጋያማ ራሱን ሳተ። ኢፖን ተሰጠ። ጋሪጎስ አልሰማሁም አለ፤ ናጋያማም ከምንጣፉ አልወርድም ብሎ ቆመ። እዚህ ላይ ካሜራ ብዙ አይረዳም። ድምፅህ ነው፣ ምን ያህል ቀርበህ እንደቆምክ ነው፣ ካልሰሙህ ደግሞ ወዲያው በእጅህ ገብተህ መለየትህ ነው። ይሄ በልምድ የሚመጣ የሰውነት ሥራ ነው፤ አንተ ደግሞ አንገትህን ተይዘህ የምታውቅ ሰው ስለሆንክ ከብዙ ሰው ትቀድማለህ።

ወደ ራስህ ሺዶ እንምጣ። ከሁሉም የሚያከራክረው እሱ ነው፤ ማን ሸሸ፣ ማን የውሸት አጠቃ የሚለው የዳኛው ግምት ነው። ሦስተኛዋ ያቃጥልሃል፣ ያሸነፉህ ግን ሦስቱም አንድ ላይ ናቸው። ስለዚህ ቪዲዮውን ከመጀመሪያው፣ ድምፁን ዘግተህ እየው። ሰዓቱን እያየህ ለሁለታችሁም ምን ትሰጥ እንደነበር ጻፍ። ከዚያ ለማያውቅህ ፈቃድ ላለው ዳኛ አሳየው፣ ማን እንደሆንክ ሳትነግረው። የሱና ያንተ ወረቀት የት እንደሚለያይ ተነጋገሩበት። ቪዲዮህ ላይ ለራስህ አንዲት ሺዶ እንኳ መስጠት ካቃተህ ትንሽ ቆይ፣ ቁስሉ ገና ነው።

ስለ እንጀራው ደግሞ እናትህ ልክ ናቸው። የጁዶ ዳኝነት ለአብዛኛው ሰው የወር ደመወዝ የሚያመጣ ሥራ አይደለም፣ ብዙዎቹ ዳኞች ሌላ መተዳደሪያ አላቸው። ከአገር ውስጥ ፈቃድ ተነሥተህ ወደ አህጉር፣ ከዚያ ወደ ዓለም አቀፍ ፈቃድ ትወጣለህ፤ ዓመታት ይወስዳል፣ ቅዳሜና እሑድህንም ይበላል። እስራኤል በአውሮፓ ጁዶ ውስጥ ስለሆነች ፈተናውም ውድድሩም ጠንካራ ነው፣ ይሄ ላንተ ዕድል ነው። የስፖርት ተቋሙ ዊንጌት ደግሞ ደጅህ ላይ ነው። የስፖርት መምህርነት ወይም ፊዚዮቴራፒ ከዳኝነቱ ጋር አብሮ የሚሄድ ትምህርት ነው፤ ክፍያውን፣ የመግቢያ ነጥቡንና ውትድርና ለጨረሱ የሚሰጠውን ድጋፍ ሄደህ ጠይቅ።

ውድድሩንም ገና አትተው። በዚህ ዓመት እየተወዳደርክ፣ ክለብህ የልጆች ውድድር ሲያዘጋጅ ሰዓትና ነጥብ መያዝ እፈልጋለሁ ብለህ ለአሰልጣኝህ ንገረው። እዚያ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠህ የወላጅ ጩኸት ከኋላህ ሲመጣ፣ ሥራውን ትወደው እንደሆነ ታውቃለህ። ከዚያ በኋላ ጻፍልኝ፣ የፈቃድ ፈተናውን አብረን እናቅዳለን።