መልስ፦ ቦርዱ ይቅደም ወይስ ገንዘቡ?

ጣቢያውን ከሚመራው ቦርድ ይጀምሩ። ባሕር ዳር ለሚካሄደው ውይይት «በመንግሥት በጀት የሚተዳደር የሕዝብ ብሮድካስተር (የሬዲዮና የቴሌቪዥን ጣቢያ) እንዴት ነጻ ይሆናል?» ብለው ለጠየቁት፣ ወሳኙ ነገር የገንዘቡ ምንጭ ሳይሆን ጣቢያውን ማን እንደሚመራና የገንዘቡን መጠን ማን፣ ለስንት ጊዜ እንደሚወስን ነው።

1. ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 29 ንዑስ አንቀጽ 5 በመንግሥት ገንዘብ የሚካሄድ መገናኛ ብዙኃን የተለያዩ አስተያየቶችን ማስተናገድ በሚያስችለው ሁኔታ እንዲመራ ስለሚያዝ፣ ክርክርዎን በዚህ ይደግፉ።

2. የቦርድ አባላት የሥራ ዘመን ከምርጫ ዘመን ጋር እንዳይገጥም፣ የሚነሡበትም ምክንያት በሕግ ተዘርዝሮ እንዲቀመጥ ይጠይቁ።

3. ገንዘቡ ለበርካታ ዓመታት በአንድ ጊዜ ይጽደቅ። ጀርመን እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ከየመኖሪያ ቤቱ መዋጮ የምትሰበስብ ሲሆን፣ የሚያስፈልገውን መጠን አስልቶ የሚያቀርበው ራሱን የቻለ የባለሙያዎች ኮሚሽን ነው። ፊንላንድም በዚያው ዓመት የቴሌቪዥን ፈቃድ ክፍያን በልዩ ግብር ተክታለች።

ነገር ግን «ማስታወቂያ ነጻ ያወጣል» ከሚለው ሐሳብ ይጠንቀቁ። ጣና ዳር በአንድ አነስተኛ ሬዲዮ የኮሚቴ አባል ሳለሁ አብዛኛው ገቢያችን ከአንድ ማስታወቂያ አስነጋሪ ይገኝ ስለነበር፣ ሐይቁን ስለወረረው እንቦጭ ያዘጋጀነው ዝግጅት ደንበኛውን ቅር ያሰኛል ተብሎ ሁለት ሳምንት ዘገየ። ያስፈራራን ሰው አልነበረም፤ የፈራነው ራሳችን ነበርን።